ፒስተኑ የቆመ በሚመስልበት ቦታ፦ የእሽቅድምድም ሞተርን እውነተኛ የላይ ሙት ነጥብ ስለ ማግኘት

ለሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎችና መምህራን በአዳራሽ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ተጽፎ ለንባብ በመጠኑ የተስተካከለ



የዛሬው ገለጻዬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ወጣት መምህር «ስለ አንድ ነጥብ አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ይወራል?» ማለቱን ሰምቻለሁ። (ሳቅ) ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ እንዲሁ አስብ ነበር። ያን ጊዜ የላይ ሙት ነጥብ ማለት ለእኔ በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ቀስት የተሰነዘረበት፣ ከሥሩም አጭር ፍቺ የተጻፈለት ነገር ነበር። ፍቺውን በቃሌ አውቀው ነበር፤ በዚያው ተፈትኜ ዲግሪ ተቀብያለሁ። ነጥቡን በእውነተኛ ሞተር ላይ ፈልጌ ያጣሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ማጣቴንም ያወቅሁት ሞተሩ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ከስሙ እንነሣ። «ሙት ነጥብ» የሚለው አጠራር ከእንፋሎት ሞተር ዘመን የወረስነው ነው። ፒስተኑ ከጉዞው ጫፍ ሲደርስ የክራንክ ሻፍቱ ክንድና ቢየላው በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ላይ ይሰለፋሉ። በዚያች ቅጽበት እንፋሎቱ ፒስተኑን የቱንም ያህል ቢገፋው ግፊቱ በቀጥታ ወደ ክራንክ ሻፍቱ መሐል ይሄዳል እንጂ ዘንጉን የሚያዞር ጉልበት አያስገኝም። ሞተሩ በዚያ ቦታ ላይ ከቆመ በራሱ አይነሣም፤ ሙት የተባለውም ስለዚህ ነው። ቮላኖ ካስፈለገባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የባለ ሁለት ሲሊንደር ባቡር ክራንኮች በ90 ዲግሪ ተራርቀው የሚሠሩትም አንዱ ሲሞት ሌላው በሕይወት እንዲኖር ነው።

በዛሬው ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ይህ ነጥብ ሌላ ሥራ ተጨምሮለታል፤ የመለኪያ ሁሉ መነሻ ዜሮ ሆኗል። የማስገቢያው ቫልቭ መቼ ይከፈት፣ የማስወጫው መቼ ይዘጋ፣ ካንዴላው መቼ እሳት ይርጭ የሚለው ሁሉ «ከላይ ሙት ነጥብ በፊት ይህን ያህል ዲግሪ፣ በኋላ ይህን ያህል ዲግሪ» እየተባለ ነው የሚነገረው። ዜሮው ከተሳሳተ በእርሱ ላይ የተቆጠረው ሁሉ በዚያው መጠንና በዚያው አቅጣጫ ይሳሳታል። ክፋቱ ደግሞ ስሕተቱ እርስ በርሱ የሚስማማ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከሌላው ቁጥር ጋር ይገጥማል፤ የማይገጥመው ከሞተሩ ጋር ብቻ ነው።

በሠፈራችን ጋራዦች ባለሙያው ካንዴላውን ይነቅልና ረጅም ካቻቢቴ በቀዳዳው ሰድዶ ሞተሩን በእጅ ያዞራል፤ ካቻቢቴው ሽቅብ መውጣቱን ሲያቆም «ደርሷል» ይላል። ይህን አልነቅፍም። ዲስትሪቢዩተር ወደ ቦታው ለመመለስ፣ የትኛው ሲሊንደር በመጭመቅ ምት ላይ እንዳለ ለማወቅ በቂ ነው። የእሽቅድምድም ሞተር ግን በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር በአንድ ሰከንድ 42,000 ዲግሪ ይጓዛል፤ አንድ ዲግሪ ማለት 24 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ነው። በዚያ ፍጥነት ቫልቭና ፒስተን በሁለት ሚሊ ሜትር ርቀት እየተላለፉ ይሮጣሉ። ለእንዲህ ያለ ሞተር «ደርሷል» አይበቃም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ለምሳሌ የምወስደው በአሜሪካ አነስተኛ የእሽቅድምድም ሜዳዎች እጅግ የተለመደውን 5.7 ሊትሩን የሼቭሮሌት ቪ 8 ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ ሲሆን 5.7 ሊትሩ በ1967 ተከተለ። የሲሊንደሩ ስፋት 101.6 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ሙሉ ጉዞ 88.4 ሚሊ ሜትር፣ የቢየላው ርዝመት 144.8 ሚሊ ሜትር ነው። የክራንኩ ክንድ የጉዞው ግማሽ ስለሆነ 44.2 ይሆናል።

(በሰሌዳው ላይ ይጽፋል) ፒስተኑ ከጫፉ ምን ያህል እንደ ወረደ የሚነግረንን ሙሉ ቀመር ታውቁታላችሁ። ለትናንሽ ማዕዘኖች ግን አጠር ይላል፦ ማዕዘኑን በራዲያን ወስዳችሁ ስኩዌር አድርጉት፤ ለሁለት አካፍሉት፤ በክንዱ ርዝመት አባዙት፤ በመጨረሻም ክንዱ ለቢየላው ያለውን ንጽጽር በአንድ ላይ ደምራችሁ በዚያ አባዙት። በዚህ ሞተር ንጽጽሩ 0.305 ነው። እንግዲህ ክራንኩ ከላይ ሙት ነጥብ በ1 ዲግሪ ሲርቅ ፒስተኑ የሚወርደው 0.009 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በ2 ዲግሪ 0.035፣ በ3 ዲግሪ 0.08 ይሆናል፤ ይህ ገና የአንዲት ጠጉር ውፍረት ቢያህል ነው። በ10 ዲግሪ 0.875 ሚሊ ሜትር፣ በ20 ዲግሪ ግን 3.46 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ለአፍታ ተመልከቷቸው። በወርክሾፕ የምንጠቀምበት ዳያል ጌጅ እያንዳንዱ መስመሩ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ከጫፉ በፊት በ1 ዲግሪ ላይ ቢሆን፣ ጫፉ ላይ ቢሆን፣ ወይም በ1 ዲግሪ ቢያልፍ መርፌው አንድ መስመር እንኳ አይንቀሳቀስም። በሁለት ዲግሪ ስፋት ውስጥ መሣሪያችን ዕውር ነው። ዕውርነቱ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ የጂኦሜትሪው ጠባይ ነው። እኛ መምህራን በካልኩለስ ክፍል «ከፍተኛው ነጥብ ያለው ዲሪቬቲቩ ዜሮ በሆነበት ነው» እያልን እናስተምራለን፤ ልክ ነው። ሆኖም ዲሪቬቲቩ ዜሮ ነው ማለት የምንለካው ነገር በዚያ ቦታ ለምንፈልገው ነገር ምላሽ አይሰጥም ማለትም ነው። ይህን ሁለተኛውን ትርጉም እኔን ያስተማረኝ መምህር አልነበረም፤ እኔም በበኩሌ ለረጅም ጊዜ ሳላስተምረው ቆይቻለሁ።

የተሰበረውን ሞተር ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ የእሽቅድምድም ሞተር በምትሠራ አንዲት አነስተኛ ወርክሾፕ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ግዛቱ የስቶክ ካር እሽቅድምድም ማእከል ነው፤ ትላልቆቹ ቡድኖች እዚያ ይገኛሉ። የእኛ ደንበኞች ግን ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ሰንብተው ቅዳሜ ማታ በአፈር ሜዳ ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በጡረታ የተገለሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ለዚህ ሞተር ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅመዋል።

ብሎኩን፣ ክራንኩንና ፒስተኖቹን ገጠምን። የወርክሾፑ አዛውንት ባለሙያ ካም ሻፍቱን በፋብሪካው ምልክት መሠረት አስገቡና በፒስተኑ ራስ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ለጥፈው ሞተሩን በእጅ አዞሩት። ቫልቩ በጭቃው ላይ የተወውን ጠባሳ ቆርጠው ሲለኩት የማስወጫው ቫልቭ ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ወጣ። የተለመደው ለማስገቢያው 2፣ ለማስወጫው 2.5 ያህል ነው፤ እሳቸው ግን ስፕሪንጎቹ አዲስ ስለሆኑ ተቀበሉት። የቀረው ሥራ ካም ሻፍቱ በትክክለኛው ዲግሪ ላይ መግባቱን ማረጋገጥ ነበር። ያን ለእኔ ተዉልኝ።

እኔም በአንደኛው ፒስተን ላይ ዳያል ጌጅ አቆምሁ፤ በክራንኩ አፍንጫ ላይ የዲግሪ ሰሌዳ አሰርሁ፤ ሞተሩን ወደ ፊት በቀስታ አዞርሁ። መርፌው ወጣ፤ ወጣ፤ ቆመ። ልክ ሊወርድ ሲል አቆምሁትና «ዜሮ» አልሁ። ከዚያ ካም ሻፍቱን ለካሁ። አብሮት የመጣው ወረቀት የማስገቢያው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከላይ ሙት ነጥብ 106 ዲግሪ በኋላ ነው ይላል፤ የእኔ ሰሌዳ 103 አነበበ። «ካሙ በ3 ዲግሪ ቀድሟል» ብዬ ደመደምሁና አስተካከልሁት። ጭቃውን ግን አልደገምሁም። በዜሮዬ መሠረት በዳምፐሩ ላይ አዲስ ምልክት ቀረጽሁ፤ በዚያው ምልክት የእሳቱን ጊዜ 34 ዲግሪ ላይ አደረግሁ። ሁሉም ቁጥር አማረ።

እውነቱ ግን ዜሮዬ ከእውነተኛው ነጥብ በ3 ዲግሪ ዘግይቶ ነበር። ካሙ በፊትም ትክክል ነበር፤ ትክክለኛውን ነገር በተሳሳተ መለኪያ አበላሸሁት። ካሙን ሳዘገየው የማስወጫው ቫልቭ ዘግይቶ የሚዘጋ ሆነ፤ ሽቅብ እየመጣ በሚያሳድደው ፒስተን ፊት ያለው ክፍተትም በ0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ጠበበ። 34 ያልሁት እሳትም በእውነት 31 ነበር። ሞተሩ ሰነፍ ሆነ። ሰውየው ከመታጠፊያ ሲወጡ አልስብ እያላቸው ስንፍናውን በዙር ሊያካክሱ ሞተሩን ከተባለው በላይ ያስጮኹት ጀመር። በሦስተኛው ቅዳሜ ከአንደኛው ሌላ በሆነ ሲሊንደር ውስጥ የማስወጫው ቫልቭ ከፒስተኑ ጋር ተገናኘ። የቫልቩ ራስ ተቆርጦ ውስጥ ቀረ፤ ፒስተኑን በሳ፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሰነጠቀ።

ሰውየው ሞተሩን ይዘው ሲመጡ አልተቆጡም። «ብዙ አስጩኼዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። እኔም ዝም አልሁ፤ እውነት መስሎኝ ነበርና። ከሳምንት በኋላ አዛውንቱ ባለሙያ ምንም ሳይናገሩ ባልተጎዳው አንደኛ ሲሊንደር ላይ የፒስተን ማቆሚያ ገጠሙና ሰሌዳውን አነበቡ፤ ከዚያም በዳምፐሩ ላይ የቀረጽሁትን ምልክት በጣታቸው አሳዩኝ። ሦስት ዲግሪ። በዚያው ምሽት ለሰውየው ስልክ ደውዬ ነገርኋቸው። ወርክሾፑ ዕቃውን በራሱ ወጪ ተካ፤ የዚያ ዓመት ውድድር ግን አለፋቸው።

ሦስቱ ዲግሪ ከየት መጣ? ከላይ ባሰላነው መሠረት ዕውሩ ክልል በግራና በቀኝ 1 ዲግሪ ብቻ ነው። የቀረውን ያመጣው በቤሪንጎቹ ውስጥ ያለው ክፍተት ነው። በዚህ ዓይነቱ ሞተር የቢየላው ቤሪንግ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የፒስተኑ ፒን 0.02 ያህል ለዘይት የተተወ ክፍተት አላቸው፤ በድምሩ 0.08። ፒስተኑ ሽቅብ ሲወጣ ቢየላው ከሥር ይገፋዋል፤ ክፍተቱ በአንድ ወገን ይሰበሰባል። ክራንኩ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር ግን ፒስተኑ ወዲያው አይከተለውም። ፋሻዎቹ የሲሊንደሩን ግድግዳ ነክሰው ይይዙታል፤ ቢየላው መጀመሪያ ያን 0.08 ሚሊ ሜትር በባዶው ከወረደ በኋላ ነው ፒስተኑን ጎትቶ የሚያወርደው። አሁን ወደ ቁጥሮቻችን ተመለሱ፤ 0.08 ሚሊ ሜትር ስንት ዲግሪ ነበር? ሦስት። መርፌው ልክ ሊወርድ ሲል ያቆምሁት እኔ፣ የለካሁት የፒስተኑን ጫፍ አልነበረም፤ የቤሪንጉን ክፍተት ነበር።

ታዲያ እንዴት ይገኛል? መልሱ ነጥቡን በራሱ ቦታ አለመፈለግ ነው። ፒስተኑ በፍጥነት ወደሚንቀሳቀስበት ቦታ ራቅ ብለን፣ በሁለቱም ወገን እኩል ቁመት ላይ ማዕዘኑን ለክተን፣ መካከሉን እንወስዳለን። በ20 ዲግሪ አካባቢ ፒስተኑ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.34 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ እዚያ የአንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ስሕተት የሚያመጣው 0.03 ዲግሪ ብቻ ነው። ያው መሣሪያ፣ ያው እጅ፣ ከሠላሳ ጊዜ በላይ የተሻለ ንባብ።

መሣሪያውም ርካሽ ነው። ቴስታታው ካልተገጠመ አንድ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት በሲሊንደሩ አፍ ላይ አጋድማችሁ በቡሎን ታስሩታላችሁ፤ በመካከሉ ሌላ ቡሎን ወደ ታች ይወርዳል። ቴስታታው ከተገጠመ ደግሞ በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ፣ ጫፉ የደበነ ማቆሚያ ትጠቀማላችሁ። ማቆሚያው ፒስተኑን ከጫፉ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲያስቆመው ይስተካከላል። የማቆሚያውን ልክ ማወቅ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው እንዳይነቃነቅ ብቻ ነው።

ክራንኩን በእጅ፣ በቀስታ ወደ ፊት አዙሩት፤ ፒስተኑ ማቆሚያውን ሲነካ ጠቋሚው ሽቦ የሚያሳየውን ጻፉ። እንበልና 26 ነው። አሁን ወደ ኋላ መልሳችሁ አዙሩ፤ ሙሉ ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ፒስተኑ በሌላው ወገን ያንኑ ማቆሚያ ይነካል። እንበልና 18። ሁለቱ ሲደመሩ 44፣ ግማሹ 22። ክራንኩን ሳታነቃንቁ ሽቦውን ወይም ሰሌዳውን 22 ላይ አምጡትና ሁለቱንም ወገን ድገሙ። በግራ 22 በቀኝ 22 ሲነበብ ዜሮው እውነተኛ ነው። የመጀመሪያ ግምታችሁ በ4 ዲግሪ የተሳሳተ ነበር ማለት ነው፤ ለዓይን የተደረገ ግምት ይህን ያህል መሳሳቱ ብርቅ አይደለም። ማቆሚያው ሳይነቀል ግን ማንም ሰው ሞተሩን በሞተሪኖ እንዳያስነሣው። የተበሳ ፒስተን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። (ሳቅ)

የማቆሚያው ዘዴ አንድ የተሰወረ ጥቅም አለው። በሁለቱም ወገን ፒስተኑ ማቆሚያውን የሚነካው ሽቅብ እየተገፋ ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱ ሁለቴም በአንድ ወገን ይሰበሰባልና ግማሹን ስንወስድ ይጣፋል። በዳያል ጌጅ የሚሠራ ሰው ይህን ጥቅም በራሱ ብልሃት ማግኘት አለበት። ወደ ፊት ብቻ እያዞረ አንዱን ንባብ ፒስተኑ ሲወጣ፣ ሌላውን ሲወርድ ከወሰደ፣ በ20 ዲግሪ ላይ መካከሉ በ0.12 ዲግሪ ያህል ይዛባል። በ5 ዲግሪ ላይ ከሠራ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሁለተኛው ወገን ከሚፈለገው ቁመት አልፎ መውረድ፣ ከዚያም ክራንኩን ወደ ኋላ እየመለሱ ፒስተኑ ሲወጣ ማንበብ።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚጋጭባቸው ነገር አለ። «ሞተር ሲለካ ወደ ኋላ አይዞርም» የሚለውን ሕግ ከየጋራዡ ሰምታችኋል። ሕጉ እውነት ነው፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ካም ሻፍቱን ስንለካ በክራንኩና በካሙ መካከል የታይሚንግ ሰንሰለት አለ፤ ሰንሰለቱ ይላላል፤ ወደ ኋላ ስናዞር ያ መላላት ወደ ንባቡ ይገባል። ስለዚህ ለካሙ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ፣ ለላይ ሙት ነጥብ ግን በሁለቱም አቅጣጫ። ሁለቱ ሕጎች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ንባብ ላይ ክፍተቱ በየትኛው ወገን ተሰብስቧል?

ጥቂት ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። የእሽቅድምድም ፒስተን ቀሚሱ አጭር፣ ክፍተቱም ሰፊ ስለሆነ በፒኑ ዙሪያ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ የጌጁ ጫፍ በፒኑ መሥመር ላይ ይቁም። የፋብሪካውን የዳምፐር ምልክት አትመኑ፤ የውጭው ቀለበት በጎማ ላይ የተጣበቀ ስለሆነ በዘመን ብዛት ሊሸሽ ይችላል። አራቱም የክራንክ ክንዶች በትክክል በየ90 ዲግሪው ላይሆኑ ስለሚችሉ ጠንቃቃ ሠሪ አንደኛውን ሲሊንደር ብቻ ለክቶ አይረካም።

አንድ ነገር ግን ቆም ብለን ማየት ይገባናል፤ ከዚህ በፊት በሰጠሁት ገለጻ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የጠየቀኝ ነው። በብዙ ሞተሮች የፒስተኑ ፒን ከሲሊንደሩ መሐል በጥቂቱ ወደ ጎን ይደረጋል፤ እንዲህ ሲሆን የፒስተኑ እንቅስቃሴ በጫፉ ግራና ቀኝ ፍጹም ተመሳሳይ አይደለም። ታዲያ መካከሉን መውሰድ እንዴት ትክክል ይሆናል? ጥያቄው ድንቅ ነው፤ መልሱን በዚያች ሰዓት አላወቅሁትም ነበርና ቤቴ ሄጄ አሰላሁት። ፒኑ በ1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሄዷል ብንል፣ እውነተኛው ጫፍ ክራንኩ ቀጥ ብሎ ከሚቆምበት ቦታ በ0.455 ዲግሪ ይርቃል። በ20 ዲግሪ ላይ በማቆሚያ የተገኘው መካከል ደግሞ በ0.463 ይርቃል። ልዩነቱ ከአንድ መቶኛ ዲግሪ ያነሰ ነው። ማቆሚያውን ዝቅ አድርገን በ60 ዲግሪ ላይ ብንሠራ ግን ልዩነቱ ወደ 0.08 ያድጋል። ስለዚህ ርቀት ጥሩ ነው፤ ሲበዛ ግን ሌላ ስሕተት ይዞ ይመጣል። ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ስፍራ ለሥራችን ይመቻል።

ይህ ዘዴ የሞተር ሠሪዎች ፈጠራ አይመስለኝም፤ ከሞተር እጅግ የቆየ ነው። አባቶቻችን ሰዓትን በጫማ ጥላ ይለኩ ነበር። ቀትር ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ላይ፣ ጥላ አጭር ይሆናል፤ ነገር ግን ጥላው በጣም ያጠረበትን ቅጽበት በዓይን ለመያዝ የሞከረ ሰው ጥላው የቆመ ይመስለዋል። የጥንት ሰዎች ያደረጉት ምንድን ነው? በቆመ እንጨት ዙሪያ ክብ አሰመሩ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን የነካበትን፣ ከሰዓት በኋላም እንደገና የነካበትን ምልክት አደረጉ፤ የሁለቱን መካከል ወስደው የሰሜንን መሥመር አገኙ። የመርከብ ሰዎችም የፀሐይን እኩል ከፍታ በሁለት ወገን እየለኩ የቀትርን ሰዓት ያገኙ ነበር። እነርሱም እንደ ፒኑ ያለ ጥቃቅን እርማት ነበረባቸው፤ ፀሐይ በቀኑ ውስጥ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በጥቂቱ ትሸሻለችና።

በላቦራቶሪ የሲሊንደር ግፊት የምትለኩ ተመራማሪዎች ደግሞ ይህ ጉዳይ ሌላ መልክ ይዞ ይጠብቃችኋል። የግፊትና የይዘት ሥዕላዊ መግለጫ ስትሠሩ የይዘቱን ቁጥር የምታገኙት ከክራንኩ ማዕዘን ነው፤ ዜሮው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛባ ከሥዕሉ ስፋት የምታወጡት ሥራ በብዙ ፐርሰንት ይዛባል። አንዳንዶች እሳት ሳይኖር ሞተሩን በውጭ ኃይል አዙረው ግፊቱ ከፍ ያለበትን ቦታ የላይ ሙት ነጥብ ይሉታል። ልክ አይደለም። የታመቀው አየር ሙቀቱን ለግድግዳው ስለሚሰጥና በፋሻዎቹ በኩል ጥቂት ስለሚያመልጥ ከፍተኛው ግፊት ከፒስተኑ ጫፍ በጥቂቱ ቀድሞ ይመጣል። እዚህም ጫፉ የሚነግረን ነገር ሌላ ነው፤ ወይ የሙቀት ብክነቱን ታሰላላችሁ፣ ወይ እንደ እኛ ማቆሚያ ይዛችሁ ትመጣላችሁ።

ሰዓቴ ስላለቀ በዚህ ላብቃ። ከመድረኩ በስተ ቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ብሎክ ከነክራንኩ፣ አንድ የዲግሪ ሰሌዳ፣ አንድ ማቆሚያና አንድ ዳያል ጌጅ አስቀምጫለሁ። ሰሌዳውን ሆን ብዬ አዛብቼ ነው ያሰርሁት፤ በስንት ዲግሪ እንደሆነ ለመምህራኖቻችሁም አልነገርኋቸውም። (ሳቅ) አራት አራት እየሆናችሁ ኑ፤ ግማሾቻችሁ በማቆሚያው፣ ግማሾቻችሁ መርፌው የቆመበትን በማየት ለኩና ቁጥራችሁን በሰሌዳው ላይ በሁለት ዓምድ ጻፉ። ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ሁለቱን ዓምዶች አብረን እናያለን።